ሰሜን በግራ በኩል ነው

ወረታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016

ፈይሩዝዬ፣

እንደምን ባጀሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርና ውሸቱን ቶሎ ልገላገለው። ደክሞኛል። ድሮ እኔ ሜትር ይዤ ስለካና ከባለቤቶቹ ጋር ስከራከር እውላለሁ፣ አንቺ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጠሽ ትስያለሽ። አሁን ስለካ ውዬ እመጣና ኮምፒውተሩ ደግሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ያንቺን እጅ ስለለመደ እኔን እንቢ ይለኛል።

ሱቁን ዘጋሽው ወይ ላልሽኝ፣ አልዘጋሁትም። የመሪጌታ ልጅ ሱቅ ዘግታ ምን ልትሠራ ነው? በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አሁንም "ሰብለ እና ፈይሩዝ የቤት ፕላን" ነው የሚለው። ላስለውጠው አስብና ይደክመኛል።

ለምን አትደውዪም ላልሽኝም፣ ስልኩ የሠራ ቀን እንኳ እንዴት ልደውል? የአባትሽ ሱቅና የእኛ ሱቅ ግድግዳቸው አንድ ነው፤ ሳስነጥስ ከወዲያ ማዶ ይማርሽ ይሉኛል። ስምሽን ጠርቼ ላወራ ነው? ኢንተርኔቱም ከጠፋ ወዲህ ፋይል መላክ ቀርቷል። ስለዚህ ፍላሹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ ለሹፌሩ ለእንግዳው ሰጥቼዋለሁ። ሩዝ ጭኖ አዳማ ሲወርድ ያደርስልሻል፣ ሲመለስ መልስሽን ያመጣልኛል። ሹፌር ሆኖ ፖስተኛ አደረግነው፤ እሱም ይህንኑ እያለ ሲያጉረመርም ነበር።

ጭንቄ ይህ ነው። አንድ ፕላን ከሞላ ጎደል ጨርሼ ሳለ መብራት ድርግም አለ። መብራት ሲጠፋ የሚይዝልን ዩፒኤስ እንደምታውቂው ሞቷል። መብራት ሲመጣ ፋይሉን ብከፍተው አልከፈት አለ፣ ተበላሽቷል ይላል። እንደገና ጀምሬ ሌላ ሰው የሳለውን አልጋ ላስገባ ብል ደግሞ አልጋው ከቤቱ በለጠ። ከቤቱ ብቻ አይደለም፣ ከወረታ የሚበልጥ አልጋ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አትሳቂብኝ።

የማን ቤት እንደሆነ አልነገርኩሽም። የአባትሽ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው ገብቶ የግድግዳው እግር ረጥቦ ተሰንጥቋል። ጋሽ አብዱልሃኪም የጭቃውን ቤት ከረመዳን በፊት አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ነው። ሌላ ሰው ጋ ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ራሳቸው መጥተው ወንበርሽ ላይ ተቀመጡና አስለኩኝ። ስላንቺ አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም።

ሰብለ ወንጌል

አዳማ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016

ሰብለ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን እንግዳው ከነላስቲኩ አደረሰልኝ። ላስቲኩ የሩዝ ብናኝ ነበረበት፤ አሸተትኩት። እብድ ነሽ በይኝ።

ሥራውን ላስቀድም። ፋይሉ አልጠፋም። እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ ያው የሆነ፣ ጅራቱ ላይ ግን ሌላ ፊደል ያለበት ፋይል ታያለሽ። ሶፍትዌሩ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር የቀደመውን እዚያ ያስቀምጠዋል። እሱን ኮፒ አድርጊ፣ የኮፒውን ጅራት እንደ ዋናው ለውጪው፣ ከዚያ ክፈቺው። ከመጨረሻው ሴቭ በኋላ የሠራሽው ብቻ ነው የሚጎድልሽ። ደግሞ ቅንብሩ ውስጥ ገብተሽ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲይዝ እዘዢው። የወረታን መብራት አምነሽ ቤት አትሳዪ።

አልጋውን በሚመለከት፣ ቤቱን የሳልሽው በሜትር ነው፣ አልጋውን የሳለው ሰው ደግሞ በሚሊሜትር። ሶፍትዌሩ ሁለት ሺህ የሚል ቁጥር ያያል፣ ሁለት ሺህ ሜትር መስሎት ይዘረጋልሻል። በሺህ አሳንሺው፣ ይተኛል።

አሁን የቀረውን። አባባ ቤቱን ሊያፈርሱ ነው? ያንን ቤት? እማዬስ ምን አለች? ስንት መኝታ ክፍል አዘዙሽ? ይህንን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ አሁን ግን ጻፍኩት።

የምጠይቅበትን ምክንያት ላንቺ ብቻ እነግርሻለሁ። አርግዣለሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ነው ብለውኛል። አማን በደስታ የሚሆነውን አጥቷል፤ እኔ ግን ሌት ተቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ። እማዬ እኔን እናቷ ቤት ነው የወለደችኝ፤ ጎረቤቶቻችን በሙሉ እንደዚያ ነው የታረሱት። እኔ የት ልታረስ ነው? አባባ ለይፋጉ ነጋዴ ልጄን ሰጥቻለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። እኔ ደግሞ አማንን ብዬ እዚህ አጎቴ አብዱልአሊም ቤት ኒካሕ አስሬ ቁጭ አልኩ። ያቃጠላቸው አማን አይደለም፣ በሰው ፊት ቃላቸው መበላቱ ነው። አውቃለሁ። ቢሆንም እናቴ ዘንድ መውለድ እፈልጋለሁ።

ለማንም አትንገሪ። ለእማዬም ጭምር።

ፈይሩዝ

ወረታ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2016

ፈይሩዝዬ፣

እልል ብዬ ልጽፍልሽ ብዬ ወረቀቱ አልፈቀደልኝም። ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አባትሽ ከወዲያ "ምን አገኘሽ?" አሉኝ፤ "ፋይሌ ተገኘ" አልኳቸው። ውሸትም አይደለም፤ እንዳልሽው ጅራቱን ቀይሬ ከፈትኩት፣ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አልጋውም ተኝቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ቤታችሁ ሄጄ እንደገና ለካሁ። ታውቂኛለሽ፣ ሳይለካ አይሳልም። ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ለማወቅ ጎረቤቱን ሁሉ ጠየቅሁ። ሁሉም እስከ ጉልበት ነው ይሉኛል፣ ግን የማን ጉልበት? እንግዳው ጉልበት ላይ ከሆነ እኔ ዘንድ ወገብ ነው። በመጨረሻ ጓዳ ገብቼ ከማሰሮው ጀርባ ያልተጠረገ የጭቃ መስመር አገኘሁና እሱን ለካሁ። ወለሉን ከዚያ በላይ ከፍ አድርጌዋለሁ።

እናትሽ እትዬ ሰአዳ ጓዳ ውስጥ ሳለን እጄን ያዙኝ። አባትሽ ውጭ ነበሩ። በሹክሹክታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ "ወፍራለች ወይ?" አሉኝ። እናት ናቸው፣ ምን ልበላቸው? አላየኋትም አልኩ። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱን ፋይሉ ውስጥ ታዪዋለሽ። በቃል ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ፣ ይቅር በይኝ።

ሌላው፣ ግድግዳውን ቀለም ልሞላው ስል እንቢ አለኝ፤ ዙሪያው አልተዘጋም ይለኛል። ዓይኔ እስኪፈስ አየሁት፣ ዝግ ነው። እባክሽ እይልኝና መልሺልኝ፤ አባትሽ በየቀኑ "አልደረሰም?" ይሉኛል።

ሰብለ ወንጌል

አዳማ፣ ጥር 4 ቀን 2016

ሰብለ፣

ፋይሉን ከፈትኩት። የባልና ሚስት ክፍል አለ። "የልጆች" የሚል ክፍል አለ፣ ሁለት አልጋ ገብቶበታል። የእንግዳ ክፍል አለ። ዕቃ ቤት እንኳ አለ። የሩዝ ጆንያ ክፍል አለው፣ ሰብለ። እኔ የለኝም።

ድሮ ከማድ ቤቱ ጎን ነበር ክፍሌ። እማዬ ስታጉረመርም በግድግዳው እሰማት ነበር። አሁን እዚያ ላይ የውሃ ታንከር ስለሽበታል። አልተቆጣሁሽም፣ እሳቸው ያዘዙሽን ነው የሳልሽው። ምን እንዳሉሽ ግን ንገሪኝ። ባልሰማው እንደሚሻል አውቃለሁ፣ ንገሪኝ ግን።

ግድግዳሽ ዝግ አይደለም። ማዕዘኑ ላይ በጣም ቀርበሽ እዪው፤ ሁለቱ መስመሮች ሳይነካኩ ቀርተዋል፣ ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች። ማዕዘን ማጠጋጊያውን ያዢ፣ ልኩን ዜሮ አድርጊው፣ አንዱን መስመር ንኪ፣ ሌላውን ንኪ። ዜሮ ከሆነ አያጠጋጋም፣ ያገናኛል። እኔ ሁሉንም አገናኝቼዋለሁ፣ ቀለሙም ሞልቷል።

ትልቁ ጥፋት ግን እሱ አይደለም። መጀመሪያ አላየሁትም፤ ፕላኑን ሳይ ግራ ገባኝ፣ የማላውቀው ቤት መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። የእኛ ግቢ በር ወደ ምዕራብ ነው የሚከፈት። አንቺ መንገዱን ከወረቀቱ ግርጌ አድርገሽዋል። ግርጌው ምዕራብ ከሆነ ራስጌው ምሥራቅ ነው። የሰሜኑን ቀስት ግን ሶፍትዌሩ እንደሰጠሽ ወደ ላይ ትተሽዋል። ሰሜን ወደ ላይ አይደለም፣ በግራ በኩል ነው።

ሽንት ቤት ስትስዪ መቀመጫውን ሁልጊዜ በወረቀቱ አግድም አስተኚው፣ ወደ ላይና ወደ ታች አታድርጊው ብዬ ያስተማርኩሽን ይዘሽ በደንብ አስተኝተሽዋል። ቂብላችን፣ ስንሰግድ የምንዞርበት፣ ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ ሽንት ቤትም ወደዚያ ስለማይዞር ነበር እንደዚያ ያልኩሽ። ወረቀቱ ሲዞር ግን አግድሙ ራሱ ቂብላ ሆነ። አባባ በአዲሱ ቤታቸው ወደ ቂብላ ዞረው ሽንት ቤት ሊቀመጡ ነበር። ወረቀቱን ይዘው ግቢው መሐል ቢቆሙ ወዲያው ነው የሚያውቁት።

ቤቱን አታዙሪው። ብታዞሪው የልኬት ቁጥሮቹ ሁሉ ይገለበጡብሻል። ቀስቱን ብቻ ወደ ግራ አዙሪው፣ ሌላው ባለበት ይቆይ። መቀመጫውን እኔ አዙሬዋለሁ። እሱ ሲዞር በሩ ጠበበ፣ በሩን ሳንቀሳቅስ ደግሞ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ቦታ ተነሣ፣ እሱንም አስተካከልኩ። ቧንቧውን ዝቅ አድርጌ ከፊቱ ዝቅ ያለ የድንጋይ መቀመጫ አስገብቻለሁ። በስተግራ እግር መዘርጊያ ቦታ ትቻለሁ፤ ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ድሮ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ማን እንደሚያፈስላቸው አላውቅም።

እኔ እንደነካሁት አትናገሪ። ካወቁ ወረቀቱን ይቀዳድዱታል።

ፈይሩዝ

ወረታ፣ ጥር 22 ቀን 2016

ፈይሩዝዬ፣

ያንቺን ደብዳቤ አንብቤ ስጨርስ አባቴ ዘንድ ሄድኩና ወረቀት ሰጥቼ "እስቲ ቤተ ክርስቲያን ሳሉልኝ" አልኩ። መቅደሱን ከወረቀቱ ራስ ላይ አደረጉት። ወረቀት ስንይዝ ምሥራቅን ወደ ላይ አድርገን ነው ያደግነው፤ እኔም ሳላውቀው ሁልጊዜ እንደዚያ ስለካ ነበር። ስንቱን ቤት እንደዚያ አዙሬ ይሆን? አንቺ ነሽ ዝም ብለሽ ታርሚው የነበረው። አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም፣ አንቺ ጉደኛ።

ምን እንዳሉኝ ንገሪኝ ብለሻል። ስንት ልጆች አሉዎት ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ለክፍሉ ብዬ ነው፣ ሁሉንም ሰው እንደምጠይቀው። "ሁለት ወንዶች" አሉኝ። ደግመው "ሁለት ብለሽ ጻፊ" አሉ። ጻፍኩ። እጄ ይቆረጥ ነበር የሚሻለው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።

ፕላኑን አትሜ ሰጠኋቸው፤ በማስመሪያ ስለካው ግን ልኩ አይገጥምም፣ ምን እንደሆነ ንገሪኝ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት። ሳሎኑን አለፉት፣ መኝታ ቤቱን አለፉት። ውዱእ ቦታው ላይ ጣታቸውን አሳረፉና አላነሡትም። ድንጋዩን፣ ከዚያ በግራ ያለውን ባዶ ቦታ ዳሰሱት። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

በማግሥቱ ሱቃቸው ተዘግቶ አገኘሁት። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደዋል አሉኝ። ወረቀቱን ይዘውት ነው የሄዱት። አፍራሾቹ ተቀጥረዋል፣ ግቢው ውስጥ ብሎኬት እየተደረደረ ነው፣ እሳቸው ግን ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል። ማን እንደሳለው የገባቸው ይመስለኛል። ሥራውም ከእጄ ይወጣል፣ ያንቺም ነገር ባሰ ብዬ እንቅልፍ የለኝም።

ሰብለ ወንጌል

አዳማ፣ የካቲት 7 ቀን 2016

ሰብለዬ፣

ተይው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሁለት ብለሽ ጻፊ ካሉሽ ሁለት ነን ማለት ነው።

እግሬ አብጧል፣ ብዙ መቀመጥ አልችልም፣ ስለዚህ አጭር ነው የምጽፍልሽ። ያተምሽው ፕላን በማስመሪያ ሲለካ አይገጥምም ላልሽኝ፣ ወረቀቱን ይሙላ የሚለው ምልክት ሳይጠፋ ቀርቶ ነው። እሱ ካለ ሶፍትዌሩ ልኩን ትቶ ለወረቀቱ ብቻ ያደርገዋል። አጥፊው፣ አንድ ለመቶ በይ፣ ከዚያ አትሚ። ግንበኛ በተሳሳተ ወረቀት እንዳይገነባ።

እዚሁ ነው የምወልደው። ጎረቤቴ ራሂማ እኔ አለሁ ብላኛለች፣ ጥሩ ሴት ናት። አማንም ምጣድ ሳይቀር ገዝቷል፣ ማን እንደሚጋግርበት እንጃ። አሁን እንኳ ሲመሽ የማስበው ያንን የውሃ ታንከር ነው። ከክፍሌ ላይ አንሽው ልልሽ ብዬ ነበር፤ ምን ያደርጋል። ለታንከሩ ጥሩ ቦታ ነው፣ ለማድ ቤት ይቀርባል።

እማዬ ደግማ ብትጠይቅሽ ወፍራለች በያት።

ፈይሩዝ

ወረታ፣ የካቲት 27 ቀን 2016

ፈይሩዝዬ፣

መጀመሪያ ልሰደብ፣ ምስጢርሽን አውጥቼዋለሁና ስድቡን አንቺ ጨርሺው። አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

አባትሽ ከወንዛዬ ተመለሱ። ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጡት፣ ሱቃቸውን እንኳ አልከፈቱም። ወረቀቱ በእንፋሎቱ ተጨማዶ ጨርቅ መስሏል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

"ይህንን ድንጋይ ማን አስቀመጠው?" አሉኝ።

ሶፍትዌሩ ነው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፈይሩዝ ናት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልተቆጡም። ወንዛዬ ድረስ ይዘውት ሄደው ሰው ሲታጠብ እያዩ ሲያስቡት እንደሰነበቱ፣ ሁለቱም ወንዶች ልጆቻቸው የማይታጠፈው ጉልበታቸው የትኛው እንደሆነ እንኳ እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ እኔ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ከዚያ ደህና መሆንሽን ጠየቁኝ። ምን ልበልሽ ፈይሩዝ፣ መዋሸት ደከመኝ። ሚያዝያ ላይ ትወልዳለች አልኳቸው።

ተነሥተው ወጡ። አለቀልኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። በሩ ላይ ቆመው መንገዱን፣ የደብረ ታቦርን ባጃጅ ሁሉ ሲያዩ ቆዩና ተመልሰው ገቡ። ያንቺ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"በሚያዝያ ቤቱ የለም" አሉ። ወረቀቱን መልሰው እያጠፉ፣ "ካልፈረሰ ግን አለ" አሉ።

አፍራሾቹን መልሰዋቸዋል። ብሎኬቱን ቆርቆሮ አልብሰውታል። ክረምቱን በአሮጌው ቤት እንከርማለን፣ ውሃ ከመጣ እንደ ልማዳችን ቀድተን እንደፋለን፣ አራሷ ካልተነሣች ግድግዳ የሚነካ የለም ብለዋል። እትዬ ሰአዳ ያንቺን ክፍል ሲያጸዱ ውለው ነበር፤ ሳልፍ ጠሩኝና "ወፍራለች አላልሽኝም ነበር" ብለው ጀርባዬን መቱኝ፣ አሁንም ያመኛል።

ሁሉም አልተፈታም፣ እንዳትታለዪ። አማንን ገና አላናገሩትም፣ እሱ ኋላ ይታያል ነው ያሉት። የአጎትሽንም ስም አልጠሩም። ለአዲሱ ቤት ግን ታንከሩን አንስቼ ከማድ ቤቱ ጎን አንድ ክፍል እንድጨምር አዘውኛል። ምን ያህል ይሁን ስላቸው ልኩን እንደማያውቁ፣ አንቺ ራስሽ እንድትስዪው ነገሩኝ። ፍላሹን ልኬልሻለሁ። ቀስቱን ወደ ግራ አዙሬዋለሁ።

ሰብለ ወንጌል

አዳማ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016

ሰብለዬ፣

ደብዳቤሽን አማን ነው ያነበበልኝ፣ እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ማለፍ አልቻልኩም። እሱ ኋላ ይታያል የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ፣ ኋላውም ይሁን አለ። መንገዱ ደህና በሆነ ቀን እስከ ወረታ መናኸሪያ አድርሶኝ ይመለሳል።

ፋይሉን ከፈትኩት። ታንከሩን ያነሣሽበት ባዶ ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሦስት በሦስት አደረግሁት፣ ሰፋብኝ። አጠበብኩት፣ አልጋው በሩን ነካ። በመጨረሻ ሁሉንም አጠፋሁትና ባዶውን መልሼልሻለሁ። አሮጌው ክፍሌ ስንት እንደነበር አላስታውሰውም፤ ተኝቼበት አደግሁ እንጂ ለክቼው አላውቅም።

ሳይለካ አይሳልም ትይኝ የለ? ሜትርሽን ይዘሽ መናኸሪያው በር ላይ ጠብቂኝ።

ፈይሩዝ